የታችኛው ጎረቤት ከሰል እና የላይኛው ቤት ራስ ምታት

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ከሥራችን ያሉት ተከራዮች ከወር በፊት ልጅ ወልደዋል። ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን የመጡት እናት ብርዱ ስለበረታ በየማታው ከሰል በረንዳ ላይ ያቀጣጥሉና ሲቀላ መኝታ ቤት ያስገቡታል። ቀን ቀን ደግሞ ባለ ሽቦ የሸክላ ምድጃ በማከፋፈያ ሰክተው ይሞቃሉ፤ ብሬከራቸውም በተደጋጋሚ ይወድቃል። የከሰሉ ሽታ በመታጠቢያ ቤታችን በኩል ይመጣል፤ የሰባት ዓመት ልጄም ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል ትላለች። ስንነግራቸው ‹ጭሱ ከወጣለት በኋላ ነው የምናስገባው፤ መስኮቱንም ገርበብ እናደርጋለን፤ ውሃም አጠገቡ እናስቀምጣለን› ይላሉ። የአየር መሳቢያ ባስገጥም ይበቃል? ቆጣሪያቸው ደረጃው ሥር ስለሆነ ሌሊት ብሬከራቸውን ባጠፋስ? አቤት የሚባለውስ ለማን ነው?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት አደጋዎች ተደባልቀዋል፤ ተለያይተው መታየት አለባቸው። የከሰሉ ጉዳይ የዛሬ ማታ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃው የዚህ ሳምንት ጉዳይ ነው። ለሁለቱ የሚሰጠው መልስም አንድ አይደለም፤ እንዲያውም አንዱን በችኮላ ለመከላከል የሚወሰድ እርምጃ ሌላውን ሊያባብሰው ይችላል፤ ብሬከር የማጥፋቱን ሐሳብ በተመለከተ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከጎረቤቶችዎ መልስ ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋኝ «ጭሱ ከወጣለት በኋላ ነው» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም በቅን ልቦና የሚነገርና አብዛኛው ሰው የሚያምነው ስሕተት ነው። ከሰል ሲቀጣጠል የሚታየው ጭስ ከእርጥበቱና በደንብ ሳይከስል ከቀረው እንጨት የሚወጣ ነው። ይህ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ማለትም ራሱ ያስጠነቅቃል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጉሮሮም አይከረክርም። አፈጣጠሩም እንዲህ ነው፦ በማንደጃው ሥር ያለው ፍም ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል፤ ይህም ወደ ላይ ሲወጣ በቀላው ከሰል መካከል ያልፍና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ከሰሉ ገና ሲነድ ከላዩ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ እዚያው ሲቃጠል ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ «አሁን ደርሷል» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል፤ ነገር ግን የጠፋው ጋዙን ያቃጥለው የነበረው ነበልባል እንጂ ጋዙ አይደለም። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ማንደጃውን የሚያስገቡት ጭሱ ባለቀበት፣ መርዙ ግን ሳይቃጠል በሚወጣበት ሰዓት ነው።

አጠገቡ የሚቀመጠው ውሃም ለዚህ አይረዳም፤ ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ አንድ ሳህን ይቅርና አንድ በርሜል ውሃም የክፍሉን አየር አያጠራም። ከሰሉ ላይ ጨው መነስነስም እንደዚሁ ነው። እንደ ላቀች ያሉት የተሻሻሉ ምድጃዎች ከሰል ይቆጥባሉ እንጂ ለተዘጋ መኝታ ቤት የተሠሩ አይደሉም። የመስኮቱ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሁሉም ሰው የሚመካው በእርሱ ነውና። ገርበብ ያለ መስኮት አየር የሚያስገባው ነፋስ ሲኖር ወይም በሌላ በኩል መውጫ ሲኖር ነው፤ ሌሊት ነፋሱ ሲቆምና በሩ ሲዘጋ በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈው አየር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደግሞም ሙቀት የፈለገ ሰው በእንቅልፍ መሐል ብርድ ሲሰማው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንኑ መስኮት መዝጋት ነው።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅን ከሚያመላልሰው የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱም ይነሣል ይወድቃል፤ ደሙ ግን ባዶ እጁን ይመላለሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይከተላል፤ «ከሰል መታኝ» የሚባለው ይህ ነው። የነቃ ሰው ተነሥቶ ሊወጣ ይችላል፤ የተኛው ግን ራስ ምታቱም ሳይሰማው ወደ ጥልቅ ድንዛዜ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ የሚሰጠን የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነገር ሲመጣ ለስሕተት የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ ይልቅ ብዙ አየር ይስባል፤ ራሴን አመመኝ ማለትም አይችልም። ስለሆነም በዚህ ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ የምፈራው ለእርስዎ ልጅ አይደለም፤ ከማንደጃው ሁለት ሜትር ርቆ ለተኛው ሕፃን ነው።

ጋዙ ወደ እርስዎ ቤት መድረስ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ ይችላል ነው። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ፣ እንዲያውም ጥቂት የቀለለ ስለሆነ «ወለል ላይ ይቀራል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ከሞቀው አየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ውስጥ መንገዱ ብዙውን ጊዜ ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ የመታጠቢያ ቤቶች የጋራ አየር ማውጫና ደረጃው ነው። ሽታው በመታጠቢያ ቤት በኩል ከመጣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ነግሮዎታል፤ ከሽታው ጋር ሽታ የሌለውም ያልፋል። ማታ እነርሱ ከሰል ባስገቡበት ሰዓት አንዲት የምትጨስ የዕጣን እንጨት በአየር ማውጫው፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥርና ከመጸዳጃው ጀርባ ባሉት የቧንቧ ዙሪያዎች ያስጠጉ፤ ጭሷ ወደ ክፍልዎ ውስጥ የሚገፋበት ቦታ መግቢያው ነው። የቧንቧ ዙሪያውን በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን ማስደፈን ርካሽና ጠቃሚ ሥራ ነው።

የአየር መሳቢያውን ግን አሁን አይግዙ። ወጥ ቤት መስኮት ላይ የሚገጠም መሳቢያ የቤትዎን አየር ወደ ውጭ ሲስብ የወጣውን የሚተካ አየር ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት፤ መስኮቶችዎ በተዘጉበት የብርድ ሌሊት ደግሞ ቅርቡ መንገድ ያው የመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ ነው። የታችኛውን ቤት አየር ገንዘብ ከፍለው ወደ ልጅዎ መኝታ እንደ መጥራት ይቆጠራል። መሳቢያውን ከጋራ አየር ማውጫው ላይ ቢያስገጥሙትም ችግሩን ወደ አራተኛው ፎቅ ያዛውሩታል እንጂ አያጠፉትም።

ስለ ልጅዎ ራስ ምታት በርቀት ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ የሚለይበት ምልክት አለ። በካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመጣ ራስ ምታት ጠዋት በርትቶ ከቤት ሲወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይቀላል፤ ትምህርት ቤት ስትደርስ ይተዋታል ወይ ብለው ይጠይቋት። ሌላው የቤተሰብ አባልም በዚያው ሰዓት ከተሰማው ጥርጣሬው ይጠናከራል። ወደ ጤና ተቋም ሲወስዷት «ራሷን ያማታል» ብለው አይቁሙ፤ «ከሥራችን በየሌሊቱ ከሰል ይነዳል» ብለው ይንገሩ፤ ካልተነገረው ሐኪሙ እንደ ጉንፋን ሊያየው ይችላልና። ሁለት ነገሮችን ይወቁ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ የተመረዘውንም ሰው ደኅና ነው ሊል ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ለይቶ የሚለካ የደም ምርመራ ነው። በተጨማሪም ጋዙ በንጹሕ አየር ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከደም በግማሽ ስለሚቀንስ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ደም የጠዋቱን ላያሳይ ይችላል። ምርመራው የሚደረግ ከሆነ ጠዋቱን ይሁን።

አሁን ወደ እናትዮዋ ልመለስ፤ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። ባለሙያዎች ነን የምንል ሰዎች እንዲህ ያሉ እናቶችን «አያውቁም» ብለን የምናልፍበት ልማድ አለን፤ ስሕተት ነው። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላይ አራስ ቤት እሳት አንድዶ ማሞቅ ብልሃት እንጂ ጅልነት አልነበረም፤ የሣር ክዳኑ ጭሱንም ጋዙንም በየስንጥቁ ያሾልከዋል፣ በሩም ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው። በብሎኬት፣ በሲሚንቶ ልስንና በመስታወት መስኮት የተዘጋ ባለ ዝቅተኛ ጣሪያ መኝታ ቤት ውስጥ ሲገባ ያው እሳት ሌላ እሳት ይሆናል። ይህን በዚሁ አነጋገር ይንገሯቸው፦ «እማማ፣ የእርስዎ ቤት ይተነፍስ ነበር፤ ይኼ ቤት አይተነፍስም።» ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ለአራስ ጥየቃ የሚያዘውን ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለም በእሳቸው ዕድሜ ያሉ የግቢው እናት አብረው ይግቡ። የራስዎን ቤት ሽታ አስቀድመው ከተናገሩ ክስ ይመስላል፤ በሕፃኑ ይጀምሩ።

የሚከለከል ነገር ምትክ ከሌለው ከሁለት ሌሊት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ምትኩን ይዘው ይግቡ። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይንደድ፤ በላዩ ውሃ ይፍላና ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ጠርሙስ ወይም በላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከመኝታ በፊት አልጋውን ያሙቅ፤ ሕፃኑ ሲተኛ ግን ከአጠገቡ ይነሣ፣ ቆዳው ስስ ነውና። አራሷ ጋቢና ወፍራም ካልሲ ትልበስ፤ ሕፃኑ ደግሞ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ሲያያዝ የሚያገኘውን ሙቀት ማንደጃ አይሰጠውም። ከሰሉ እንደነደደም እዚያው በረንዳ ላይ ይቅር፤ «ሊጠፋ ነው» ተብሎ ረመጡ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አደራ ይበሉ፣ ምክንያቱም በአመድ የተዳፈነ ፍም ለሰዓታት ጋዝ ያወጣል።

የኤሌክትሪክ ምድጃው ጉዳይ ሌላ ነው። የሸክላው ምድጃ ሽቦ ራቁቱን ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነው፤ ለማብሰያ እንኳ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ዳይፐር በሚሰጣበትና እርጥብ እጅ በሚመላለስበት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ማስቀመጥ አግባብ አይደለም። የበለጠው ችግር ግን ከማከፋፈያው ነው። 2,000 ዋት የሚበላ ምድጃ በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ያህል ይስባል፤ በየሱቁ የሚሸጠው ቀጭን ማከፋፈያ ውስጥ ያለው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን ከስድስት አምፔር በላይ እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። ሽቦው ከምንጣፍ ሥር ወይም ከአልጋ ጀርባ ካለፈ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ያቀልጣል፤ የላላ ሶኬትም ከሽቦው ቀድሞ ይነዳል። ብሬከሩ የሚወድቀው ይህን እየተናገረ ነው። የምፈራው ቀን ጎረቤትዎ በብሬከሩ ተማርሮ ኤሌክትሪሻን ጠርቶ በትልቅ ብሬከር ያስለወጠ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የሚነደውም በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። የሚመከረው በዘይት የተሞላ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠርና ሲወድቅ የሚጠፋ ማሞቂያ ነው፤ እርሱም ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ርቆ፣ ሰው ሲተኛ ጠፍቶ። ዋጋው ለተከራይ ቀላል አይደለም፤ ለአራስ ጥየቃ የሚዋጣው ገንዘብ ወደዚህ ቢዞር ግን ከብዙ ብርድ ልብስ ይበልጣል።

ብሬከራቸውን ሌሊት ማጥፋቱን በፍጹም አያድርጉት። የሌላ ሰው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ እጅ ማሳረፍ እርስዎን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ምን እንደሚከተል ያስቡ፦ መብራት የጠፋበት፣ ብርድ የገባበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት ቤት የሚያደርገው አንድ ነገር ከሰል ማስገባት ነው። በእጅዎ ከቀላሉ አደጋ ወደ ከባዱ ይገፏቸዋል።

መነጋገሩ ካልሠራ ቀጣዩ ደረጃ የጋራ ሕንፃው ማኅበር ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ በማኅበር እንዲተዳደሩና በመተዳደሪያ ደንብ እንዲገዙ ይደነግጋል፤ ጎረቤቶችዎ ተከራይ ስለሆኑ ማመልከቻው ለማኅበሩ ሲገባ ግልባጩ ለቤቱ ባለቤት ይድረስ። ባለቤቱ ስለ ሕፃኑ ባያስብ ስለ ግድግዳው ያስባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸትና መጥፎ ሽታም እንዳያስነሣ ይከለክላል፤ ስለዚህ አቤቱታዎ መሠረት አለው። ሆኖም ፍርድ ቤትን አልመክርም፤ ቀጠሮው ሳይደርስ የሕፃኑ ክርስትና ይደርሳል፣ ብርዱም ያልፋል። የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ግን ለእሳት ማጥፋት ብቻ የሚጠራ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ማኅበሩ ባለሙያ መጥቶ ለነዋሪው ሁሉ ትምህርት እንዲሰጥ ቢጠይቅ ጉዳዩ ከሁለት ቤት ጠብነት ወጥቶ የግቢው ሁሉ ይሆናል። በእርስዎ ሕንፃ ላይ ከሰል የሚያስገባው ያ ቤት ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

አንድ ሌሊት በራቸውን አንኳኩተው መልስ ካጡ፣ ወይም ከውስጥ የተዘበራረቀ ድምፅ ከሰሙ፣ ይሉኝታ አይያዝዎት። 939 ይደውሉ፤ ሌሎችን ጎረቤቶች ቀስቅሱ፤ በሩ ሲከፈት መስኮቱን ሁሉ ከፍታችሁ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ። ትንፋሽ ይዞ ገብቶ ወዲያው መውጣት ነው፤ እዚያው ቆሞ ማነቃቃት ሁለተኛ ተጎጂ ያመጣል። በውስጥ ባለው ፍም ላይ ውሃ አትድፉ፤ እንፋሎቱና አመዱ ያቃጥላል። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያወጡም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚሰጥ ወተት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የሚያድነው ንጹሕ አየርና በሆስፒታል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። የነቃውም ሰው ይሂድ፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የመደነባበር ችግር የሚመጣባቸው አሉና።

ለራስዎ ቤት የምመክረው ግዢ አንድ ብቻ ነው፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ። የጭስ ማስጠንቀቂያ ሌላ ዕቃ ነው፤ ይህን ጋዝ አያይም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ዘመድ ካለዎት እዚያ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ስለሆነ ሲመጣ አንድ ይያዝልዎ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ያላለፈ መሆኑን ግን ይመልከት፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ለይ ክፍል ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ብቻ ይሠራል። በልጅዎ መኝታ ቤት፣ ከትራስ ከፍታ አካባቢ ያድርጉት፤ ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ያርቁት። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 50 ያህሉ ይህ ጋዝ ሲሆን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ፣ 300 ሲደርስ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። ዝም ማለቱ ግን አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለው መጠንም በየሌሊቱ ሲደጋገም ልጅን ራስ ሊያሳምም ይችላል። ቁጥር የሚያሳየውን ዓይነት ካገኙ ይምረጡ።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ዛሬ ማታ ከሰሉ ሳይገባ እናትዮዋን ያነጋግሩ፤ ነገ የቧንቧ ዙሪያውን ያስደፍኑ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለውጥ ካላዩ ማመልከቻውን ያስገቡ፤ መሳቢያውንም የብሬከሩንም ሐሳብ ይተዉ። አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። የታችኛው ቤት ከሰል ማስገባት ካቆመ ከሁለትና ከሦስት ሌሊት በኋላም ልጅዎ ጠዋት ራሷን የምታማት ከሆነ ምንጩን በራስዎ ቤት ይፈልጉት። የማታ ቡና የሚፈላበት ማንደጃ፣ ዕጣን የሚጨስበት ፍም፣ «ነገ ይደፋል» ተብሎ ወጥ ቤት ጥግ የሚያድር ረመጥ የታችኛው ቤት ከሰል የሚያወጣውን ጋዝ ያወጣሉ፤ እነርሱም ወደ በረንዳ ይውጡና ከሦስት ሌሊት በኋላ ልጅቱን ደግመው ይጠይቋት።